በትንሽ በጀት ኮሚክ መሰብሰብ፦ ከመጀመሪያው ዝርዝር እስከ ማስቀመጫው ሳጥን

አሜሪካ ውስጥ አንድ አዲስ ኮሚክ፣ ማለትም ታሪክ በሥዕል የሚተረክበት መጽሔት፣ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ 3.99 ወይም 4.99 ዶላር ይሸጣል። መጽሔቱ ሃያ ገጽ ገደማ ታሪክ የያዘ፣ በሩብ ሰዓት ተነብቦ የሚያልቅ ነው። ታሪኩ ግን በአምስት ወይም በስድስት ቁጥሮች ተከፋፍሎ በየወሩ ስለሚወጣ፣ አንዱን ታሪክ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚከታተል ሰው ከ20 እስከ 30 ዶላር ይከፍላል። እኔ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ መሰብሰብ ስጀምር፣ የቤት ኪራይና ወደ አገር ቤት የምልከው ከደመወዜ ላይ ከተነሣ በኋላ ለዚህ ፍቅሬ የሚተርፈኝ በወር 30 ዶላር ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ያገኘሁትን ስገዛ ቆይቼ አንድ ቀን ሳጥኖቼን ዘርግፌ ብቆጥር፣ ከገዛኋቸው ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡትን አንድ ጊዜ ካነበብኳቸው ወዲህ ዳግም እንዳልነካኋቸው ተረዳሁ። ለማንበብ ብቻ የፈለግሁትን ሁሉ ዕድሜ ልክ እንደሚቀመጥ ዕቃ ቆጥሬ ስከፍልበት ኖሬአለሁ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከዚያ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ማንበብ አንድ ወጪ ነው፤ ይዞ ማቆየት ሌላ ወጪ ነው፤ እጁ ያጠረ ሰብሳቢ ሁለቱን ካልለየ ዋጋ ቢረክስለት እንኳ ገንዘቡ አይበቃውም። እርምጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ቢሠሯቸው ይመረጣል፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የዘለለ ሰው ከኋለኞቹ ብዙ አይጠቀምም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እርምጃ 1፦ ለሚሰበስቡት ነገር ወሰን ያብጁለት

«ኮሚክ እሰበስባለሁ» ማለት «መጽሐፍ እሰበስባለሁ» እንደ ማለት ነው፤ ዳር የለውም። እንደ ባትማን ወይም እንደ ስፓይደርማን ያለ ገጸ ባሕርይ በአንድ ወር ውስጥ በበርካታ መጽሔቶች ላይ ይወጣል፤ ታሪኩም ከስድሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። «የእሱን ሁሉ» ብሎ የተነሣ ሰው ባለጸጋ ቢሆን እንኳ አይዘልቀውም። ለእኛ የሚበጀን ልብ የሚይዝ፣ ግን መጨረሻ ያለው ነገር ነው፦ መታተም ያቆመ ተከታታይ መጽሔት፣ አንድ ሠዓሊ በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ የሠራው፣ ወይም የአንድ አሳታሚ የጦርነት ታሪኮች።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ማርቭል ከ1972 እስከ 1979 ያሳተመው «ቱም ኦፍ ድራኩላ» በ70 ቁጥር ያበቃ መጽሔት ነው። 10ኛው ቁጥር ብሌድ የተባለው ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት በመሆኑ ዋጋው አይቀመስም፤ የመጀመሪያውም ቁጥር ቢሆን ቀላል አይደለም። የተቀሩት አብዛኞቹ ግን ጠርዙ ያረጀ ቅጂ ለሚበቃው ሰው፣ በትዕግሥት ከተፈለጉ፣ በጥቂት ዶላር ይገኛሉ። ውድ የሆኑትን ቁጥሮች እንደገና በታተመ ቅጂ ማንበብና ቦታቸውን ክፍት ትቶ መቆየት ምንም ነውር የለበትም። ክፍት ቦታ ያለበት ስብስብ ለአሥር ዓመት የሚፈለግ ነገር ይሰጣል፤ ባለቤቱንም ከአደን አያሰናብተውም።

ወሰኑ ከተቆረጠ በኋላ ዝርዝር ያዘጋጁ። ግራንድ ኮሚክስ ዳታቤዝ የተባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የኢንተርኔት መዝገብ የእያንዳንዱን ቁጥር የወጣበትን ወር፣ የሽፋን ዋጋውን፣ ደራሲውንና ሠዓሊውን ያለ ክፍያ ያሳያል። ከእሱ የሚፈልጓቸውን ቁጥሮች ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጠው በኪስዎ ይያዙ፤ ስልክ ላይ መመዝገብም ይቻላል፣ ሆኖም በሁለት እጅ ሳጥን ሲያገላብጡ ወረቀት ይቀላል። ዝርዝር ያልያዘ ሰው ቤቱ ያለውን ደግሞ ይገዛል፤ እኔ አንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ ገዝቼዋለሁ።

እርምጃ 2፦ ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡት

ከዚህ እርምጃ የሚበልጥ ገንዘብ የሚያድን የለም። አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ለአካባቢው ነዋሪ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፣ በዚያው ካርድ ሁፕላ ወይም ሊቢ በተባሉት የስልክ መተግበሪያዎች እጅግ ብዙ ኮሚኮችን መዋስ ይቻላል፤ የትኛው እንደሚሠራ የእርስዎን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። ከመደርደሪያውም አምስትና ስድስት ቁጥሮች በአንድ የተጠረዙባቸውን መጻሕፍት ያገኛሉ። በመደርደሪያው ላይ የሌለውን ከሌላ ቅርንጫፍ ወይም ከሌላ ከተማ እንዲያስመጡልዎ ይጠይቁ፤ ይህ አገልግሎት እንዳለ የማያውቁ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው።

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው ደግሞ ሌላው የሌለው ዕድል አለው። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ከ100 ሺህ በላይ የኮሚክ ቁጥሮች አሉት፤ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ማንኛውም ሰው ነጻ የአንባቢ ካርድ አውጥቶ፣ በማዲሰን ሕንጻ በሚገኘው የጋዜጦችና የመጽሔቶች ማንበቢያ ክፍል ጠይቆ ያነባቸዋል። በገንዘቤ ፈጽሞ የማልደርስባቸውን የ1940ዎቹ መጽሔቶች በእጄ ይዤ ገጻቸውን የገለጥኩት እዚያ ነው። አዲስ አበባ ወይም ሌላ አገር ላለ አንባቢ፣ የቅጂ መብታቸው ያለፈባቸውን የአሜሪካ የድሮ ኮሚኮች በሕጋዊ መንገድ በነጻ የሚያቀርበው ዲጂታል ኮሚክ ሙዚየም አለ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም የታተመውን የአገራችንን ጀምበርን የመሰለ ሥራ ሲገኝ ግን ገዝቶ ማንበብ ይገባል፤ እንዲህ ያለው ሥራ የሚቀጥለው የሚገዛው ሲኖር ነው።

ከዚህ በኋላ የራሴ ደንብ ይህ ነው፦ ያነበብኩትን ታሪክ ከሦስት ወር በኋላ ዳግም ማየት ካሰኘኝ ወደ ዝርዝሬ ይገባል። ካላሰኘኝ ማንበቤ በቂ ነው። አንድን ታሪክ በቤት ማኖር ፈልገው የመጀመሪያው እትም ካልሆነ የማይሉ ከሆነ ደግሞ የተጠረዘው መጽሐፍ ይረክሳል፤ ዲሲ የተባለው አሳታሚ በ2024 የጀመራቸው አነስተኛ ቅርጽ ያላቸው ጥራዞች አንድ ሙሉ ታሪክ ይዘው በ9.99 ዶላር ነው የወጡት።

እርምጃ 3፦ ገንዘቡን አስቀድመው ይከፋፍሉት

በወር 30 ዶላር ላለው ሰው የምመክረው አከፋፈል፣ 15ቱ ለርካሽ ሳጥኖች አደን፣ 10ሩ ተጠራቅሞ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተፈላጊ ቁጥር ለመግዣ፣ 5ቱ ለፕላስቲክና ለካርቶን እንዲሆን ነው። የመጨረሻዋን 5 ዶላር ብዙ ሰው ይንቃታል፤ ሳይሸፈን የተቀመጠ ኮሚክ ግን በየወሩ ዋጋ እያጣ መሆኑን አይርሱ።

መደብሮች ለደንበኛ በየወሩ የፈለገውን መጽሔት ለይተው የሚያስቀምጡበት ፑል ሊስት የሚባል አሠራር አላቸው፤ ብዙዎቹም ለዚህ ደንበኛ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳሉ። ቅናሹ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ግዴታ እንዳለበት ይወቁ። ባለ መደብሩ ብዙውን ጊዜ ተመላሽ በማይሆንበት ውል በእርስዎ ስም አስመጥቶታልና ሳይወስዱት ቢቀሩ ኪሳራው የእሱ ነው። ስለዚህ ከአንድ መጽሔት በላይ አይመዝገቡ፤ ማቆም ሲፈልጉም ከሁለት ወር በፊት ይንገሩት።

ተፈላጊውን ቁጥር ለመግዛት እኛ ያገኘነው መላ ዕቁብ ነው። አራት ሆነን በየወሩ ለዚህ የመደብነውን እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት የተሰበሰበውን ይዞ ከዝርዝሩ ላይ አንዱን ይገዛል፤ ሌሎቻችንም ቀድመን ዋጋውን እናጣራለታለን። ከአራቱ አንዱ ለብቻው ቢሆን ገንዘቡን ሳያጠራቅም በየሳምንቱ በሳንቲም ይጨርሰው ነበር። ያነበብነውንም እንዋዋሳለን፤ በዚህ ምክንያት የአንዱ ግዢ ለአራቱ ንባብ ይሆናል።

አትርፌ እሸጠዋለሁ ብለው ግን በዚህ ገንዘብ አይግዙ። በ1938 በ10 ሳንቲም የወጣው የአክሽን ኮሚክስ የመጀመሪያ ቁጥር አንድ ቅጂ በ2024 በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ያ ቁጥር የተወደደው በዘመኑ ማንም ስላልጠበቀው ነው፤ ሕፃናት ቀደዱት፣ እናቶች ጣሉት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ ሲሰበሰብ ብዙ ኮሚክ አብሮ ሄደ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ሰው ሁሉ እንደሚወደድ አምኖ ያስቀምጥ ጀመር። የ1991ዱ የኤክስሜን ቁጥር 1 ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ አንዱን ሰው አምስት ጊዜ ለማስገዛትም በተለያየ ሽፋን ወጣ። ሁሉም ስላስቀመጠው ዛሬም ሞልቶ ተርፏል፤ በርካሽ ሳጥን ውስጥ አገኘዋለሁ። ገበያውም ወድቆ ብዙ መደብሮች ተዘጉ፣ ማርቭል ራሱ በ1996 መጨረሻ ኪሳራ አወጀ። አሁንም በልዩ ሽፋን እያሳመሩ አንዱን ታሪክ ደጋግመው ሲሸጡልዎ ይህን ያስታውሱ።

እርምጃ 4፦ ኮሚክ የሚታደንበትን ቦታ ይወቁ

የድሃ ሰብሳቢ ዋነኛ ቦታ የአንድ ዶላር ሳጥን ነው። በብዙ መደብሮች ጥግ ላይ ወይም ከጠረጴዛ ሥር ረጃጅም ነጭ ካርቶኖች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ ከ200 እስከ 300 ኮሚክ ይይዛል፤ ውስጡ ያለውም በአንድ ዶላር፣ አንዳንዴም በ50 ሳንቲም ይሸጣል። አገላበጡ ልማድ ይጠይቃል። ከፊት ወደ ኋላ፣ ሁለት ጣት ከላይ ጠርዝ ላይ በማድረግ፣ ሳይጎትቱ ወደ ራስዎ እያዘነበሉ ያሳልፏቸው፤ የሚፈልጉት ሲመጣ ፕላስቲኩን ከሥር ደግፈው ያውጡት። ከላይ ጫፉን ይዞ መምዘዝ የወረቀቱን ማዕዘን ያጥፋል፤ ሳይገዙት ቢቀሩ የሌላ ሰው ዕቃ አበላሹ ማለት ነው። ባለ መደብሩ አዲስ ስብስብ ገዝቶ ሳጥኖቹን የሚሞላበትን ቀን በትሕትና ይጠይቁ፤ ሳጥኑ በተሞላ ማግሥት የመጣና ከሳምንት በኋላ የመጣ ሰው የሚያገኙት አንድ አይደለም።

የኮሚክ ትርኢቶች ሁለተኛው ቦታ ናቸው። ባልቲሞር በየዓመቱ ትልቅ ትርኢት አለ፤ መግቢያው ግን የአንድ ወር በጀትዎን ሊበላ ስለሚችል፣ መግቢያቸው ጥቂት ዶላር የሆነውንና በሆቴል አዳራሽ የሚደረጉትን ትናንሽ የአንድ ቀን ገበያዎች አስቀድማለሁ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ ሻጩ ከባድ ሳጥኖቹን መልሶ ከመጫን መቀነስን ይመርጣል። አሥር ቁጥሮች አንድ ላይ መርጠው ለሁሉም አንድ ዋጋ ይጠይቁ፤ በአንድ በአንድ መከራከር ለሁለታችሁም ድካም ነው። የቤተ መጻሕፍት ወዳጆች ማኅበራት የሚያካሂዷቸው የአሮጌ መጻሕፍት ሽያጮች፣ የልብስና የዕቃ መለገሻ ሱቆች እንዲሁም የግቢ ሽያጮችም አልፎ አልፎ ያስገርማሉ። ከ2002 ጀምሮ በፈረንጆቹ ሜይ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ መደብሮች ለዚሁ የተዘጋጁ ኮሚኮችን በነጻ የሚሰጡበት ቀን አለ፤ ልጆች ያላችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ።

በኢንተርኔት ሲገዙ ዋናው ጠላት የመላኪያ ዋጋ ነው። የ3 ዶላር ኮሚክ በ6 ዶላር መላኪያ 9 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ ተከታታይ ቁጥሮችን በአንድ ላይ የሚሸጥ ሰው ይፈልጉ፣ ወይም ከአንድ ሻጭ ብዙ ገዝተው በአንድ እሽግ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለመጻሕፍት የሚሰጠው ርካሽ ተመን ማስታወቂያ ላለባቸው ኮሚኮች እንደማይፈቀድ ይወቁ፤ በዚያ የተላከ እሽግ ተከፍቶ ከታየ ልዩነቱን እንዲከፍሉ ሊጠየቁ ይችላሉ። ኮሚኮቹ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል እንዲታሸጉም አስቀድመው ይጻፉለት።

እርምጃ 5፦ ከመክፈልዎ በፊት በእጅዎ ይመርምሩ

አንድ ጊዜ በአንድ ገበያ ላይ የ1974 የማርቭል መጽሔት በ18 ዶላር ገዛሁ። ሽፋኑ የሚያበራ፣ ማዕዘኖቹ ስል ነበሩ። ሻጩ ፕላስቲኩ እንዲከፈት አልፈለገም፤ እኔም አፈርኩና አልገፋሁም። ቤት ገብቼ ስከፍተው በአንባቢዎች ደብዳቤ ገጽ ላይ ቴምብር የምታህል አራት ማዕዘን ቀዳዳ አገኘሁ። በ1974 እና በ1975 ማርቭል አንባቢዎች ቆርጠው እንዲያጠራቅሙ የገጸ ባሕርያት ቴምብሮች በመጽሔቶቹ ውስጥ ያትም ነበር፤ የያኔው ልጅ እንደታዘዘው በመቀስ ቆርጦታል፤ ከጀርባው ያለው የታሪክ ገጽም አብሮ ተቀድዷል። ዎልቨሪን የተባለው ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ የታየበት የ1974ቱ የኢንክሬዲብል ሃልክ 181ኛ ቁጥር እንኳ ይህ ቴምብር ሲጎድለው ከዋጋው ብዙ ይቀንሳል። ያን ቀን የ18 ዶላር ትምህርት ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከ5 ዶላር በላይ የሆነ ነገር ሳልከፍት አልገዛም። እንዳይከፈት የሚከለክል ሻጭ ካለም አመስግኜ አልፋለሁ።

ሲመረምሩ እንዲህ ያድርጉ። እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ኮሚኩን በጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በመጀመሪያ ጀርባውን፣ ማለትም ሽቦዎቹ ያሉበትን እጥፋት፣ ወደ ብርሃን አዘንብለው ያዩታል፤ ቀለሙ ተሰንጥቆ ነጭ ወረቀት የሚታይባቸው ጥቃቅን መስመሮች ስንት እንደሆኑ ይቁጠሩ። ቀጥሎ ሁለቱን ሽቦዎች ይዩ፤ ዝገት ካለ እርጥበት ነክቶታል ማለት ነው፤ ዝገቱም ወረቀቱን መብላቱን ይቀጥላል። ሽፋኑ ከሽቦው አለመላቀቁን ጣትዎን ሳይጫኑ ያረጋግጡ። ከዚያ መካከለኛውን ገጽ ከፍተው የውስጥ ገጾቹ በሽቦው እንደተያዙ ይመልከቱ፤ ገጾቹንም አንድ በአንድ ይግለጡ፤ የተቆረጠ ኩፖን፣ የጎደለ ገጽ፣ የተጣበቀ ፕላስተር የሚገኘው ያኔ ነው። በመጨረሻ ያሽትቱት። የሻጋታ ሽታ ያለውን በነጻ ቢሰጡዎ እንኳ አይውሰዱ፤ ወደ ሌሎቹ ይዛመታልና።

የኮሚክ ይዞታ ከ0.5 እስከ 10 በሚደርስ መለኪያ ይመዘናል። ከ2000 ጀምሮ ሲ.ጂ.ሲ የተባለው ድርጅት በክፍያ መዝኖ በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጋል፤ የታሸገው ግን ሳይሰበር አይነበብም፤ ለእኛም አያስፈልገንም። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ዓይኑን ከ3 እስከ 5 ባለው ላይ ያድርግ፦ ያረጀ፣ የተነበበ፣ ግን ሙሉ። አንድ ቁጥር በ9.4 እና በ4 ሲሸጥ የዋጋው ልዩነት ብዙ ዕጥፍ ነው፤ ታሪኩና ሥዕሉ ግን ያው ነው።

እርምጃ 6፦ ዋጋውን ያጣሩ

ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ዋጋ አይባልም፤ ሰው የከፈለው ነው ዋጋ። ኢቤይ ላይ ፍለጋውን «የተሸጡ» ወደሚለው ቀይረው በተመሳሳይ ይዞታ ያሉ የቅርብ ጊዜ አምስት ሽያጮችን ይዩ፤ ከላይና ከታች ያሉትን ትተው መካከለኛውን ይያዙ። ከ1970 ጀምሮ የሚታተመው የኦቨርስትሪት የዋጋ መመሪያ በብዙ ቤተ መጻሕፍት ስለሚገኝ መግዛት አያሻም።

እርምጃ 7፦ የገዙትን ያኑሩ

የድሮ ኮሚክ የታተመበት ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት በውስጡ አሲድ ስለሚፈጥር ብርሃን፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ቶሎ ይጠወልጋል፤ ይሰባበራልም። እያንዳንዱን ከጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን አድርገው በፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ውስጥ ያስገቡ፤ መቶ መቶውን ሲገዙ ሁለቱም ተደምረው ለአንድ ኮሚክ ከሩብ ዶላር ብዙ አይርቁም። የድሮዎቹ ከዛሬዎቹ ሰፋ ስለሚሉ ፕላስቲኩን ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። ማይላር የተባለውን ረጅም ዕድሜ ያለው ውድ ፕላስቲክ ለሁለትና ለሦስት ምርጦችዎ ብቻ ያቆዩት። የፕላስቲኩን ክዳን ወደ ኋላ አጥፈው ማጣበቂያውን በጀርባው ይለጥፉ፤ ኮሚኩን ሲያወጡ ደግሞ ማጣበቂያውን ሙሉ በሙሉ ያንሡ፤ ግማሹ ተነሥቶ የቀረ ማጣበቂያ ሽፋኑን ይዞ ሲላጥ አይቻለሁና።

ሳጥኑ ውስጥ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ሳይጨናነቁ፣ ሳይንጋደዱም። የምድር ቤት ወለልና የጣሪያ ሥር ለኮሚክ መቃብር ናቸው። ተከራይተው የሚኖሩት ምድር ቤት ከሆነ፣ የብዙዎቻችን ኑሮ እንደዚያ ነውና፣ ሳጥኑን ከወለሉ ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ከውጭ ግድግዳ አርቀው ያስቀምጡት።

እርምጃ 8፦ ይመዝግቡ፣ የተረፈውንም ይልቀቁ

በዓመት ሁለት ጊዜ ሳጥኑን ይፈትሹና ደርበው የገዙትን፣ ከወሰንዎ የወጣውንና ዳግም የማያነቡትን ይለዩ። መደብር በጥሬ ገንዘብ ሲገዛ ከሚሸጥበት ዋጋ ትንሽ ክፍል ብቻ ይሰጣል፤ በዚያው መደብር ለሚገዙበት ዕቃ ቢለውጡት የተሻለ ይሰጥዎታል። ከዚያ በፊት ግን ለዕቁብ ጓደኞችዎ ያሳዩ።

ለሚያስቀሩት ለእያንዳንዱ የገዙበትን ቀን፣ ቦታና ዋጋ በካርቶኑ ጀርባ ላይ በእርሳስ ይጻፉ፤ ሲገበያዩና ሲለዋወጡ በትክክል ምን ያህል እንዳወጡ የሚያውቁት ከዚያ ነው። የሚጽፉት ካርቶኑ ገና ባዶ እያለ ይሁን፤ ኮሚኩ ከገባ በኋላ በላዩ የተጫነ እርሳስ በሽፋኑ ላይ የማይጠፋ ጭረት ይተዋል።